ቀድሞ መናገር፣ በጊዜው ማቆም

ከደጀን ተነሥቶ በቢቸና፣ በደብረ ወርቅና በሞጣ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወጣው መንገድ ዳር ያሉት ከተሞች መሥሪያ ቤቶች ዛሬ ሁለት የማስታወቂያ ሰሌዳ አላቸው። አንዱ በግቢው በር አጠገብ የቆመው የእንጨት ሰሌዳ ነው። ሌላው የፌስቡክ ገጽ ወይም የቴሌግራም ቻናል ነው። ኮሙኒኬሽኑ፣ ግብርናው፣ ጤናው፣ ትምህርቱ፣ ገቢዎቹ ሁሉም ይለጥፋሉ። በአገሪቱ ያሉትን የወረዳ ገጾች ወደ ታች እየሳበ የሚያይ ሰው ግን አንድ ነገር ሳያስተውል አያልፍም። የሚለጠፈው በአብዛኛው ያለፈ ነገር ነው። ስብሰባው ከተበተነ፣ ሥልጠናው ካለቀ፣ ዘመቻው ከተዘጋ በኋላ በረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሰዎች ፎቶግራፍ ይወጣል። አንባቢው ነገሩን ያውቃል እንጂ ሊደርስበት፣ ሊጠይቅበት ወይም ልጁን ይዞ ሊሄድበት አይችልም።

ለዚህ ችግር መፍትሔ የሚሆን አሠራር አለ። በንግድ ድርጅቶች ዘንድ የተለመደ ነው፤ በወረዳ ደረጃ ግን በቁም ነገር አልተያዘም። የሚለጠፈውን ቀድሞ አዘጋጅቶ፣ ቀንና ሰዓት ቆርጦለት፣ ከወጣ በኋላም ማን እንዳየውና ማን ምን እንደጠየቀ መከታተል ነው። ይህን የሚያከናውኑት መሣሪያዎች የሚታወቁት በማስታወቂያ ሰዎች መንደር ስለሆነ ብዙ ሰው የሻጭ ዕቃ አድርጎ ያያቸዋል። ነገሩ ሲመረመር ግን ከሳሙና ሻጭ ይልቅ የሚያስፈልጉት ለገጠር ከተማ ጤና ጣቢያ ነው። ሳሙናው ዛሬ ባይሸጥ ነገ ይሸጣል። የክትባት ቡድን ቀበሌው ድረስ መጥቶ በተመለሰ ማግስት የሚነገር የክትባት ቀን ግን ለማንም አይጠቅምም።

አሠራሩ ከባድ አይደለም። አንድ ሠራተኛ ሰኞ ጠዋት ተቀምጦ የሳምንቱን አምስት ስድስት መልእክት ይጽፋል፤ ለእያንዳንዱም ቀንና ሰዓት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ጽሑፎቹ የሚቀመጡት በኩባንያው ሰርቨር ላይ እንጂ በሠራተኛው ስልክ ላይ አይደለም። ስለዚህ ስልኩ ባትሪ ቢጨርስ፣ መብራት ቢጠፋ፣ ሠራተኛው ለመስክ ሥራ ኔትወርክ ወደሌለበት ቀበሌ ቢወርድ እንኳ ሰዓቱ ሲደርስ መልእክቱ በራሱ ይወጣል። የፌስቡክና የኢንስታግራም ባለቤት የሆነው ሜታ ‹‹ሜታ ቢዝነስ ስዊት›› በተባለው መተግበሪያው ይህን በነጻ ይሰጣል። ቴሌግራምም ከ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የመላኪያውን ምልክት ተጭኖ በመቆየት መልእክትን በቀጠሮ ማስቀመጥ የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል። ስልክ ያለው ሁሉ ይህን ዛሬውኑ ሊሞክረው ይችላል።

ብዙ ገጾችን በአንድ ቦታ ሰብስበው የሚያስተዳድሩ ሌሎች መሣሪያዎችም አሉ። ሁትስዊት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 በካናዳዋ ቫንኩቨር፣ በፈር ደግሞ በ2010 በብሪታንያ ተጀመሩ። እነዚህን የሚመርጥ ሰው አንድ ነገር ማወቅ አለበት። ዛሬ በነጻ የሚሰጥ ነገር ነገ በክፍያ ሊሆን ይችላል። ሁትስዊት የነጻ አገልግሎቱን በዚሁ አቆጣጠር በ2023 አቋርጧል፤ የትዊተር ተጠቃሚዎች ለዓመታት በነጻ የለመዱት ትዊትዴክም በዚያው ዓመት ለከፋዮች ብቻ ሆኗል። ክፍያው በውጭ ምንዛሪና በዓለም አቀፍ ካርድ ስለሆነ ደግሞ ለአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት ቀርቶ ለአዲስ አበባ ነጋዴም ቀላል አይደለም። ለደብረ ወርቅና ለቢቸና ፌስቡክና ቴሌግራም በውስጣቸው የያዙት ይበቃል። ገንዘብ የሚያስወጣ ነገር ሳይገዙ ሥራውን መጀመር ይቻላል።

ቀን መርጦ መናገር ለዚህ አገር እንግዳ ሥራ አይደለም። አዋጅ ነጋሪት እየተጎሰመ ይነገር የነበረው በገበያ ቀን ነበር፤ ሰው ከየአገሩ የሚሰበሰበው፣ የሰማውንም ወደየቀዬው ይዞ የሚመለሰው ያን ቀን ነውና። የቤተ ክርስቲያን ማስታወቂያም ሕዝቡ ሳይበተን ከቅዳሴ በኋላ ይነገራል። በዚህ ረገድ ከሁሉ የሚልቀው ግን የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስሊያው ባሕረ ሐሳብ ነው። ደራሲው ሐዲስ ዓለማየሁ በልጅነታቸው ከተማሩባቸው የቤተ ክህነት ትምህርት ቤቶች አንዱ ደብረ ወርቅ ነበር፤ እንዲህ ባሉ ደብሮች የተማሩ ሊቃውንት የነነዌ ጾም፣ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ መቼ እንደሚውሉ ለመጪው ዓመት ብቻ ሳይሆን ለብዙ ዓመታት አስቀድመው ያሰላሉ። ፋሲካ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12፣ በ2018 ደግሞ ሚያዝያ 4 ቀን መሆኑ ማንንም ያላስደነገጠው ስሌቱ ቀድሞ ስለተሠራ ነው። የዓመቱን በዓላትና አጽዋማት በጳጉሜን የሚያውቅ ሕዝብ የዓመቱን የክትባት፣ የግብር መክፈያና የምዝገባ ቀናት በመስከረም ማወቅ አይበዛበትም።

ከውጭ የመጡት መሣሪያዎች ግን ይህን የቀን አቆጣጠር አያውቁትም። ሠራተኛው ቀን ሲቆርጥ የሚያገኘው የአውሮፓውያኑን ካላንደር ነው፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አዲስ ዓመት በአብዛኛው ሴፕቴምበር 11 ቀን ይውላል፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ጊዜ ግን ወደ 12 ይሻገራል። በ2016 የሆነው ይህ ነው፤ በ2020ም ይሆናል። በዚያው በ2016 ልደት በእኛ አንድ ቀን ቀድሞ ታኅሣሥ 28 ሲውል በአውሮፓውያኑ ከጃንዋሪ 7 አልተነቃነቀም። ጥምቀት በተቃራኒው በእኛ ጥር 11 ላይ ጸንቶ በእነርሱ ከ19 ወደ 20 ተሻገረ። ያለፈውን ዓመት ቀን ገልብጦ የሚያስቀምጥ ሠራተኛ የደብረ ወርቅ ማርያምን ወይም የሞጣ ጊዮርጊስን በዓል በተሳሳተ ቀን ሊያውጅ ይችላል። የማርያም ወርኃዊ በዓል በ21፣ የጊዮርጊስ በ23 እያለ በአውሮፓውያኑ ካላንደር ላይ ግን ከወር ወር ቦታውን ይቀያይራል።

ሰዓቱ ደግሞ ከቀኑ ይብሳል። ከጠዋቱ 1 ሰዓት እንዲወጣ የታሰበ መልእክት ላይ ሠራተኛው እንደለመደው ‹‹1 ሰዓት፣ ኤኤም›› ብሎ ከሞላ መሣሪያው የሚለጥፈው ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት የሚጀመር ስብሰባ ማስታወቂያም ‹‹8 ሰዓት፣ ፒኤም›› ተብሎ ከተሞላ ምሽት 2 ሰዓት ላይ ይወጣል፤ ሰዉ ያን ጊዜ ቤቱ ገብቷል። በዚህ ላይ የገጹን ቁልፍ ከያዙት አንዱ ዋሽንግተን ወይም ለንደን ያለ የአካባቢው ተወላጅ ከሆነ ሌላ ጣጣ ይጨመራል። ዋሽንግተን በዓመት ሁለት ጊዜ ሰዓቷን ታዛውራለች፤ ኢትዮጵያ አታዛውርም። በመካከላቸው ያለው ልዩነት አንዳንዴ ሰባት አንዳንዴ ስምንት ሰዓት ነው። በገጹ ላይ የተመዘገበው የሰዓት ክልል የአዲስ አበባ መሆኑን ሳያረጋግጡ ቀጠሮ መስጠት ስሕተትን መጋበዝ ነው። ለዚህ የሚሻለው መፍትሔ ተራ ነው። በቢሮው ግድግዳ ላይ የሁለቱም አቆጣጠር ቀን የተጻፈበት የዓመት ሠንጠረዥ ይሰቀል፤ የሚለጠፈው ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ሰዓቱም ‹‹ጠዋት››፣ ‹‹ከሰዓት››፣ ‹‹ማታ›› ተብሎ ይጻፍ።

ቀድመው የሚነገሩ ነገሮች ሞልተዋል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ለጥገና ሲባል ኃይል የሚቋረጥባቸውን አካባቢዎችና ሰዓቱን በገጹ አስቀድሞ የሚያሳውቅበት አሠራር አለው። ማስታወቂያውን ያየ የወፍጮ ቤት ባለቤት ደንበኞቹን ያስጠነቅቃል፤ ክሊኒክ ጄኔሬተሩን ያዘጋጃል። የኢትዮጵያ ሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት በየአሥር ቀኑ የአየር ሁኔታ ትንበያ ያወጣል። ዋና ከተማው ቢቸና የሆነው የእነማይ ወረዳ በጤፍ የታወቀ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ጤፉ ታጭዶ ሜዳ ላይ ባለበት ሰዓት ወቅቱን ያልጠበቀ ዝናብ ሲመጣ ገበሬው የሚያጣው የዓመት ልፋቱን ነው። ትንበያው ሁለት ቀን ቀድሞ ቢደርሰው ነዶውን ሰብስቦ ይከምራል፣ ይሸፍናል። ከዝናቡ በኋላ የሚወጣ የጉዳት ዜና ለሪፖርት እንጂ ለገበሬው አይሆንም። የማዳበሪያ ስርጭት መርሐ ግብር፣ የጤና መድን መታወቂያ እድሳት፣ የተማሪዎች ምዝገባ፣ የግብር መክፈያ ጊዜ፣ የውኃ መሥመር ጥገና፣ የገበያ ቦታ መቀየር፣ ሁሉም ከመድረሳቸው በፊት የሚታወቁ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ተገቢ ክርክር ይነሣል። ገበሬው ፌስቡክ የት አለው? እውነት ነው፣ ብዙው የለውም። ግን መልእክትን በጊዜው የማድረስ ሐሳብ ከዘመናዊ ስልክ ጋር ብቻ የተጣበቀ አይደለም። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ይባል የነበረው ተቋም በ2006 ዓ.ም. የጀመረው 8028 የስልክ መሥመር ተራ የእጅ ስልክ ላለው ገበሬ የሚያገለግል ነው። ገበሬው ደውሎ በሚሰማው ቋንቋ ስለ እርሻው ይጠይቃል፤ አካባቢውንና የሚያመርተውን ይመዘግባል። በሽታ ሲነሣ፣ ለምሳሌ የስንዴ ዋግ ሲታይ፣ ማስጠንቀቂያው ለሚመለከተው አካባቢ በድምፅ ወይም በአጭር ጽሑፍ ይላካል። ማን፣ የት፣ ምን ያመርታል የሚለውን ሳያውቁ ለሁሉም ከመጮኽ ይልቅ ለሚመለከተው በጊዜው መንገር እንዲህ ነው። የወረዳው የቴሌግራም ቻናልም ቢሆን ገበሬውን በቀጥታ ባያገኘው የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን፣ መምህሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ከተማ የሚማረውን ልጁን ያገኛል። እነዚህ ሰዎች አንብበው የሚነግሩት ጽሑፍ ያስፈልጋቸዋል።

ስለዚህ አጻጻፉም ሊታሰብበት ይገባል። ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ፎቶግራፍ አንሥቶ መለጠፍ የተለመደ ነው። ፎቶው ዳታ ይበላል፤ ኔትወርክ ሲደክም አይከፈትም፤ ፊደሉ ይደበዝዛል፤ ወደ አጭር የጽሑፍ መልእክት ተገልብጦ አይላክም። ያው ማስታወቂያ በአራት መሥመር ጽሑፍ፣ ማን፣ መቼ፣ የት፣ ምን ይዞ መምጣት እንዳለበት ተገልጾ ቢወጣ ከቤት ወደ ቤት ይደርሳል። በቀጠሮ የሚሠራ ሰው ይህን ለማድረግ ጊዜ አለው። ስብሰባው ሲያልቅ በችኮላ የሚለጥፍ ሰው ግን የለውም።

የኢንተርኔቱ ሁኔታም በዚህ አካባቢ ቀጠሮን ጠቃሚ ያደርገዋል። መብራትና ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የሳምንቱን ሁሉ ጽፎ ማስቀመጥ፣ በሌለበት ሰዓት ደግሞ መልእክቱ በራሱ መውጣቱ ለጠባብ ቢሮ ትልቅ እፎይታ ነው። አሳሳቢው ጉዳይ ግን የሚጀምረው ከዚሁ ጥቅም ነው። በራሱ የሚወጣ መልእክት በራሱ አይቆምም።

ከየካቲት 2 እስከ ሐምሌ 10 ቀን 2015 ዓ.ም. ድረስ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ በአገሪቱ ታግደው ነበር፤ የሚጠቀም ሰው የሚገባው በቪፒኤን ነበር። እገዳው ከተነሣ ወር ሳይሞላው ሐምሌ 28 ቀን 2015 በአማራ ክልል ግጭት ምክንያት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ በክልሉ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። ከዚያ ቀደም ብሎ ለነሐሴና ለመስከረም የተቀመጠ ቀጠሮ ቢኖር ምን ይሆን ነበር? መልእክቱ ሰዓቱን ጠብቆ ባሕር ማዶ ካለ ሰርቨር ይወጣል። የተጻፈለት ሕዝብ አያየውም፤ የጻፈውም ሰው ሊያወርደው አይችልም። ሰው ስለ ዘመዱ ደኅንነት በሚጨነቅበት ሰዓት በውጭ ያለው ተወላጅ የአገሩን ገጽ ሲከፍት ስለ ችግኝ ተከላ የሚያወራ ጽሑፍ ሊያገኝ ይችላል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በሐዘን ቤት ደጅ ከበሮ ከመምታት አይለይም።

በሌላው ዓለም ይህ ስሕተት ደጋግሞ ታይቷል። በጥር 2005 ዓ.ም. በብሪታንያና በአየርላንድ በበሬ ሥጋ ስም በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ የፈረስ ሥጋ ተገኝቶ አገር ሲታመስ፣ ምርቱን ከሸጡት አንዱ የሆነው ቴስኮ የተባለው ትልቅ ሱፐርማርኬት በትዊተር ገጹ ለደንበኞቹ ደኅና እደሩ ሲል ድርቆሽን የሚያነሣ የጨዋታ አባባል ተጠቀመ። ሰዉ በፈረሱ የተቀለደ መስሎት ተቆጣ። ኩባንያው ይቅርታ ሲጠይቅ የሰጠው ምክንያት ጽሑፉ ጉዳዩ ከመሰማቱ በፊት በቀጠሮ የተቀመጠ ነበር የሚል ነው። ቃሉ እውነት ነበር፤ ስድቡን ግን አላስቀረለትም። ባለሙያና ገንዘብ የሞላው ድርጅት እንዲህ ከተሰናከለ አንድ ሠራተኛ ያለው የወረዳ ቢሮ ይበልጥ ሊጠነቀቅ ይገባል።

ሞጣና ቢቸና ለሚገኙበት ለምሥራቅ ጎጃም ዞን ሰው ከዚህ የቀረበ፣ የከበደም ትዝታ አለ። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በሞጣ ከተማ መስጊዶች ተቃጠሉ፤ የሙስሊም ነጋዴዎች ሱቆች ተዘረፉ። ከጥቃቱ በፊት በቤተ ክርስቲያን ላይ እሳት ተነሣ የሚል ወሬ በከተማው ተሰምቶ ነበር። ጥቃቱ እንደተፈጸመ ፎቶግራፉና ወሬው በማኅበራዊ ሚዲያ አገር ምድሩን አዳረሰ፤ በቀጣዮቹ ቀናት በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ሙስሊሞች ተቃውሟቸውን ለማሰማት አደባባይ ወጡ። ጥፋቱን የፈጸሙት ሰዎች እንጂ ስልኮች አይደሉም። አንድ የፌስቡክ ገጽ እሳቱን ባቆመው ነበር ማለትም አይቻልም። ግን እንዲህ ባለ ሰዓት ሰው ‹‹እውነቱ ምንድን ነው?›› ብሎ የሚሄድበት፣ በሰላሙ ቀን የውኃውንም የክትባቱንም ነገር በትክክል እየነገረ ያስለመደው ገጽ መኖር አለመኖሩ ልዩነት አለው። እምነት በአንድ ቀን አይገነባም። ዓመቱን ሙሉ የስብሰባ ፎቶ ብቻ ሲለጥፍ የኖረ ገጽ በክፉ ቀን ‹‹ወሬው ሐሰት ነው›› ቢል የሚሰማው ያጣል።

እንግዲህ ቀጠሮ የሚሰጥ ቢሮ ቀጠሮን የሚያቆም ሰው ሊኖረው የግድ ነው። መሣሪያዎቹ የተቀመጡትን ጽሑፎች በአንድ ዝርዝር ያሳያሉ፤ መሰረዝም ወደ ሌላ ቀን ማዛወርም ይቻላል። የጎደለው ሥርዓቱ ነው። ሐዘን፣ ግጭት፣ ወረርሽኝ ወይም አደጋ ሲከሰት ሁሉንም ቀጠሮ ወዲያው የማቆም ሥልጣን ያለው ሰው ስሙ ተለይቶ ይታወቅ። ቁልፉ በአንድ ሰው እጅ ብቻ አይሁን። በብዙ ቦታ ገጹ የተከፈተው በአንድ ባለሙያ የግል አካውንት ነው፤ ባለሙያው ሲዛወር ወይም ስልኩ ሲጠፋ ገጹም አብሮት ይጠፋል፤ አዲስ ገጽ ይከፈታል፤ አሮጌው ባለቤት አልባ ሆኖ ይቀራል። ሁለት ወይም ሦስት ሰው የየራሱን የይለፍ ቃል ይዞ አንድ ገጽ እንዲያስተዳድር የሚያደርግ አሠራር በነጻው መሣሪያ ውስጥ አለ። ከመካከላቸው አንዱ ከወረዳው ውጪ፣ ለምሳሌ በዞኑ ከተማ ደብረ ማርቆስ ቢሆን፣ የወረዳው ኔትወርክ ሲቋረጥ የሚያቆም እጅ ይኖራል። የይለፍ ቃልን ደግሞ ‹‹ተከታይ እናበዛለን›› ለሚል ለማንም መስጠት አይገባም።

የዚህ ሥራ ሁለተኛው ክፍል መከታተል ነው። በሪፖርት ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ የላይክና የተከታይ ብዛት ነው። ቁጥሩ ያስደስታል፤ የሚናገረው ግን ትንሽ ነው። የአንድ ገጽ አስተዳዳሪ በነጻ የሚያገኘው መረጃ ከዚያ ይልቃል። ፌስቡክ ተከታዮቹ ከየትኛው አገርና ከተማ እንደሆኑ ለይቶ ያሳያል። የውኃ መቋረጥ ማስታወቂያ የሚያወጣ ቢሮ ተከታዮቹ በአብዛኛው አዲስ አበባና አሜሪካ ያሉ ከሆኑ መልእክቱ ለሚጠማው ሰው እየደረሰ አይደለም ማለት ነው፤ ሌላ መንገድ መጨመር አለበት። ቴሌግራም በእያንዳንዱ ጽሑፍ ሥር ስንት ጊዜ እንደታየ ያስቀምጣል። ሁለት ሺህ አባላት ባሉት ቻናል ጠዋት የወጣውን ሁለት መቶ ሰው፣ ማታ የወጣውን ዘጠኝ መቶ ሰው ካየው ለሚቀጥለው ሳምንት የሚበጀው ሰዓት ይታወቃል። ይህን ለማወቅ የውጭ አማካሪ አያስፈልግም። አንድ ደብተርና አንድ ወር ትዕግሥት ይበቃል።

ከቁጥሩ ሁሉ የሚበልጠው ግን ጥያቄው ነው። ‹‹ክትባቱ ለስንት ዓመት ልጅ ነው?›› ‹‹መታወቂያ ላልያዘ ሰው ይሰጣል?›› ‹‹ሐሙስ የምትሉት የዚህን ሳምንት ነው የሚመጣውን?›› የሚሉ ጥያቄዎች በኮሜንት ሥር ለቀናት ያለ መልስ ይቀመጣሉ። አንድ ሰው ጠይቆ ካልተመለሰለት፣ ያንኑ ማወቅ ፈልገው ያልጠየቁ ብዙዎችም አልተመለሰላቸውም። ወረዳዎች ሪፖርት ሲያቀርቡ ‹‹ይህን ያህል ፖስት ሠርተናል›› ከማለት ይልቅ ‹‹ይህን ያህል ጥያቄ ቀርቦልን ይህን ያህሉን በአንድ ቀን ውስጥ መልሰናል›› ቢሉ የሥራው መለኪያ ይስተካከላል። ኃላፊዎች የሚጠይቁት ቁጥር ሲለወጥ ሠራተኛው የሚሠራውም ይለወጣል።

በኮሜንት ሥር የሚጻፈው ጥያቄ ብቻ አይደለም። ስድብ፣ የሰው ስም እየጠሩ ማስፈራራት፣ በብሔርና በሃይማኖት ማነሣሣት ይጻፋል። ይህ የት ሊያደርስ እንደሚችል አገር አይቷል። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መአረግ አማረ ስማቸውንና ፎቶግራፋቸውን የያዙ የጥላቻ ጽሑፎች በፌስቡክ ከተሰራጩ በኋላ ጥቅምት 24 ቀን 2014 ዓ.ም. ተገደሉ። ልጃቸው ኩባንያውን በኬንያ ከሰሰ፤ የናይሮቢው ከፍተኛ ፍርድ ቤትም መጋቢት 25 ቀን 2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ሲል ወሰነ። ኩባንያው ባሕር ማዶ ሆኖ በአማርኛ የሚጻፈውን ሁሉ በጊዜው ያነሣል ብሎ መጠበቅ እንደማይቻል ይህ ታሪክ በቂ ማስረጃ ነው። በገጹ ሥር የሚጻፈውን መጀመሪያ ሊያይ የሚችለው፣ ቋንቋውንም አካባቢውንም የሚያውቀው የገጹ አስተዳዳሪ ነው። ጽሑፍ በቀጠሮ አስቀምጦ ለሳምንት ዘወር ብሎ የማያይ ሰው ገጹን ለሌሎች ጥላቻ መድረክ አድርጎ ትቶታል።

ሕጉም ቢሆን የገጽን ስፋት ይቆጥራል። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር በ2012 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185 ሐሰተኛ መረጃው የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከሆነ ቅጣቱን ያከብደዋል። ያረጀ ቀጠሮ በራሱ ወንጀል አይደለም። ግን ስብሰባው ከተሰረዘ፣ የስርጭቱ ቦታ ከተለወጠ በኋላ የድሮው ማስታወቂያ ሲወጣ ሰው ኪሎ ሜትሮች በእግሩ ተጉዞ ባዶ ግቢ ያገኛል። በሚቀጥለው ጊዜ እውነተኛው ማስታወቂያ ሲወጣም አይመጣም።

የኮሙኒኬሽን ባለሙያዎች ‹‹ሰው የለንም፣ በጀት የለንም›› ማለታቸው አይቀርም። ልክ ናቸው። ሆኖም ቀጠሮ ሥራውን የሚቀንስ እንጂ የሚጨምር አይደለም፤ በየቀኑ ተበታትኖ የሚባክነውን ጊዜ ወደ አንድ ጠዋት ይሰበስበዋል፤ የቀረውን ጊዜ ለመልስ ይተዋል። እውነተኛው እንቅፋት ሌላ ቦታ ነው። ለኮሙኒኬሽን ቢሮው የጤናው፣ የግብርናውና የገቢዎቹ ቢሮ የመጪውን ወር መርሐ ግብር አስቀድሞ ካልሰጠው ቀጠሮ የሚያስይዝበት ነገር የለውም። ባለሙያው ወደ ኋላ እየተመለከተ የሚጽፈው ብዙ ጊዜ ወደ ፊት የሚሆነው ስለማይነገረው ነው። ይህን የሚያስተካክለው መተግበሪያ አይደለም፣ የወረዳው አስተዳዳሪ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው የሚቀርበው ለእነማይ፣ ደብረ ወርቅ ላለችበት ለእናርጅ እናውጋና ሞጣ ላለችበት ለሁለት እጁ እነሴ ወረዳዎች እንዲሁም ለከተሞቻቸው አስተዳደሮች ነው፤ እነርሱን ለሚመስሉ በአገሪቱ ላሉ ሁሉም ጭምር። በየወሩ መጨረሻ እያንዳንዱ ጽሕፈት ቤት ሕዝቡን የሚነካውን የመጪውን ወር ቀናት በአንድ ገጽ ጽፎ ለኮሙኒኬሽን ይስጥ። ኮሙኒኬሽኑ በሁለቱም አቆጣጠር አመሳክሮ፣ በአዲስ አበባ ሰዓት አረጋግጦ፣ በአጭር ጽሑፍ ቢያንስ ከሦስት ቀን በፊት እንዲወጣ ያስቀምጠው፤ በዋዜማውም ይድገመው። ሁለት ሰዎች የማቆም ሥልጣን ይኑራቸው። በጽሑፉ ሥር የቀረበ ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀኑ አይለፍ። የማኅበረሰቡ አባላት ደግሞ ገጾቹን ሲጎበኙ ምስጋናና ስድብ ብቻ አይተዉ፤ ‹‹ይህ መቼ ነው? ለምን ቀድሞ አልተነገረም?›› ብለው ይጠይቁ። መጠየቅ መብታቸው ነው፤ መልስ መስጠትም የቢሮው ሥራ ነው።